ጣይባን የፈታት ማነው?

ሰው ሚስቱን ይፈታል። ትናንትም ነበረ፣ ነገም ይኖራል፤ ሰሚው ከንፈሩን መጥጦ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ግን አንዲት ሴት ባሏ ሳይፈታት ተፈታሽ ብትባልስ? አፉ ተናግሮ፣ ምስክር ሰምቶ፣ ሰፈር አውቆት፣ እሱ ግን ያላለው ነገር ቢሆንስ? «ይቺ ደግሞ ምን የምትሉት ወሬ ናት?» ትሉኝ ይሆናል። ወሬ አይደለችም ወገኖቼ! በሐርጌሳ ከተማ፣ ዳሚ በሚባለው የድሆች ሰፈር፣ በአንድ የቆርቆሮ አጥር ግቢ ውስጥ የደረሰች መከራ ናት። ሆደ ቡቡ የሆናችሁ ከአሁኑ ብታልፏት ይሻላችኋል። እኔ ሳልናገራት የማልፍበት አቅም የለኝም።

በዚያ ግቢ ሁለት ክፍሎች አሉ። በአንደኛው የምትኖረው ባለቤቲቱ ሲራድ ናት፤ ድሬዳዋ ያደገች፣ አማርኛዋ ከእኔና ከእናንተ የማያንስ፣ አፏ ቀድሞ ልቧ የሚከተል ሶማሌ ባልቴት። «ኤዶ ሲራድ» ይሏታል፤ አክስቴ እንደማለት ነው። በሁለተኛው ክፍል ጀማሉዲን፣ ሚስቱ ጣይባና የአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸው ፋሪዳ ይኖራሉ። ጀማሉዲን የወሎ ሐርቡ ልጅ ነው፤ ሙያው ግድግዳ መለሰን። ሐርጌሳ በጦርነት ዶግ አመድ ሆና እንደገና ከመሬት ስትነሣ፣ ድንበር ተሻግረው ግድግዳዋን ካለበሷት ባለሙያዎች አንዱ እሱ ነው። 26 ጁን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ያሉ ባለ ፎቆች «ያ ሐበሻ ይምጣልን» እያሉ ይጣሩበት ነበር፤ እሱ የለሰነው ግድግዳ ዝንብ ያንሸራትታል ይባል ነበር እኮ! ጣይባ ደግሞ በየቤቱ እየዞረች ልብስ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። አመሻሽ ላይ ሲገባ ሲሚንቶ የበላውን እጁን ቫዝሊን እያሸች፣ «አንተ ሰውዬ፣ የሰው ቤት ስታሳምር የራስህ እጅ ፈረሰ እኮ!» ብላ ትተርበዋለች። «የፋሪዳ እናት፣ አንቺ ካየሽልኝ ሌላ ማን ሊያየው ነው?» ይላታል። ፋሪዳ አፏን ይዛ ትስቃለች። የላቸውም፤ ግን ምን ጎድሏቸው ነበር?

እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ፣ ነገሩ የጀመረው በራስ ምታት ነው። ራሱን አሞት የማያውቅ ማን አለ? ፀሐይ ነው ተባለ፤ የሲሚንቶ ብናኝ ነው ተባለ። ሻሽ አሰረ፣ ጥቁር አዝሙድ አሸተተ፣ ክኒን ዋጠ፣ ሲሻለው ተረሳ። ከዚያ አንድ ቀን አያሃ ሰፈር ሲሠራ የዋለው ግድግዳ ጠምሞ ተገኘ። የጀማሉዲን ግድግዳ! ታናሽ ወንድሙ ሙሰዓብ፣ ከሐርቡ ተከትሎት መጥቶ ሙያውን ከእጁ የተማረው ልጅ፣ ቱንቢውን ከላይ ለቆ አሳየው። ጀማሉዲን ክሩን ትክ ብሎ አየና «የዋሸው ቱንቢው ነው» አለ። ሙሰዓብ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ወንድሙ ግን አልሳቀም። «ግድግዳው ውስጥ ሰዎች አሉ፤ ከውስጥ እየገፉት ነው። እናታችንም አብራቸው ናት። ስትጠራኝ ነው የዋለችው፣ አትሰማም እንዴ?» አለው። እናታቸው ከሞተች ቆይታለች... ሙሰዓብ እጁ ላይ የነበረው ቱንቢ ወደቀበት።

ከዚያ ወዲያ ያ ቤት ቤት አልሆነም። ጣይባ ሻይ ስታቀርብለት ያሸትተዋል። «የተቃጠለ ፀጉር ይሸተኛል፤ ምን ጨመርሽበት?» ይላል። ፊቷን አተኩሮ ያያታል፤ ገበያ ላይ ያገኛትን ሴት እንደሚያይ ሰው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ከፍቶ እንደገና ያያታል። ጫት ነው እንዳይባል ነገር ቅሞ አያውቅም። የአገር ልጆች «ሙያው ያስቀናቸው ሲሕር፣ ድግምት አሠርተውበታል» አሉ። የሰፈሩ ሶማሌዎች «ጂን ነው» አሉ። ጣይባስ? ጠዋት ሲነሣ እንደሚያጥወለውለው፣ አንዱን ብርጭቆ ሁለት አድርጎ እያየ በመሐሉ አየር እንደሚጨብጥ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። የባልን ገመና መሸፈን ነው ያደገችበት፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። ምነው አንድ ቀን ለአንድ ሰው ተንፍሳው በነበር! ግን ማን ያውቃል? ሰው ነገ የሚሆነውን ቢያውቅ ኖሮ ዛሬን እንዲህ ተዝናንቶ ይኖር ነበር?

አንድ ሐሙስ ጀማሉዲን ሥራ ዋለ። የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ከጀማዓው ጋር ሰገደ፤ የረዳቶቹን የሳምንት ሒሳብ ሳያሳስት አደላቸው፤ ከሙሰዓብ ጋር እያወራ ወደ ቤት ገባ። ኤዶ ሲራድ ደጃፏ ላይ ሩዝ ትለቅማለች፤ ጣይባ ያጠበችውን ልብስ ታሰጣለች። ጀማሉዲን ግቢው መሐል ቆመ። አልጮኸም። አልተቆጣም። እንዲያ በተረጋጋ ድምፅ፣ «ሙሰዓብ፣ ኤዶ ሲራድ፣ ምስክር ሁኑልኝ። ይህችን ሴት ፈትቻታለሁ። ፈትቻታለሁ። ፈትቻታለሁ» አለ።

ምላስ አጥንት የለውም፤ አጥንት ግን ይሰብራል። ጣይባ እርጥቡን አንሶላ እንዳቀፈች መሬት ላይ ቁጭ አለች። «የፋሪዳ አባት... ምን አጠፋሁ?» አለች። እሱ ወደ እሷ አላየም። ፋሪዳ ሮጣ መጥታ እጁን ያዘች፤ «አባዬ፣ እማዬን ነው?» አለችው። ዝቅ ብሎ ግንባሯን ሳማትና «አይዞሽ ልጄ፣ ይህች እናትሽ አይደለችም» አላት። የአላህ ያለህ! የልጅ ጆሮ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ ምን ይሁን? ሲራድ ሩዙን ከነሰፌዱ ጥላ «አንተ፣ አብደሃል?» ብላ ጮኸች። አላበደም ይላል ሙሰዓብ፤ ሲሰግድ አይቶታል፣ ሒሳብ ሲያሰላ አይቶታል። ሦስት ጊዜ ብሏል፤ ምስክር ቆጥሯል። በሸሪዓ አለቀ።

በዚያው ዕለት ጣይባ ጨርቋን ሰብስባ ወደ ሲራድ ክፍል ገባች። ከቀድሞ ቤቷ የሚለያት አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። በግድግዳው ማዶ ባሏ... ኧረ ባሏ ማለትም አይፈቀድላትም! ያ ሰው ከሌለ ሰው ጋር ሲያወራ፣ ሲለምን፣ ሲያለቅስ ትሰማለች። ገብታ ውሃ ላጠጣው እንዳትል ባዕድ ሆናለች። ወደ አገሬ ልሂድ እንዳትል ልጇን ትታ የት ትሄዳለች? ወይ ሚስት አይደለች፣ ወይ ዘመድ፤ እንዲያው ግድግዳ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ የቀረች ፍጡር! አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጀማሉዲን እናቱን ሊያወጣ መዶሻ አንሥቶ ያንን ግድግዳ ይንደው ጀመር። ፋሪዳ በማዶ በኩል ነበረች፤ ብሎኬቱ ከእግሯ አጠገብ ወደቀ። ያን ቀን ሙሰዓብና የሰፈሩ ወንዶች እጁን አስረው ወሰዱት።

የወሰዱት ዒላጅ ወደሚባለው ቤት ነው፤ አእምሮው የተነካ ሰው ቁርኣን እየተቀራበት የሚታከምበት ከከተማው ዳር ያለ ትልቅ ግቢ። ቁርኣን ሺፋ፣ ፈውስ ነው፤ በዚህ ከእኔ ጋር የሚከራከር የለም። ግን እግርን ከምሰሶ ጋር በሰንሰለት አጣብቁ ያለው ማነው? በዚያ ግቢ የተደረደሩት ሰዎች ሁሉ እግራቸው ታስሯል። ደንቡ ደግሞ አጭር ነው፦ በሽተኛን ያስገባ ዘመድ ነው የሚያስወጣው። ያስገባው ሙሰዓብ ነው። ጣይባ የፋሪዳን እጅ ይዛ በየዓርቡ እስከ ብረቱ በር ትሄዳለች። ዘበኛው «ምኑ ነሽ?» ይላታል። ልጅቱ ትገባለች፤ እናቲቱ ፀሐይ ላይ ትቀራለች።

አሁን የምነግራችሁን ስሙኝና ፍረዱ፤ ወይም አትፍረዱ። ቁርኣኑ በላዩ በድምፅ ማጉያ ሲቀራበት ጀማሉዲን ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ይጮህ ጀመር። ከዚያ አስመለሰው። በማግሥቱም አስመለሰው፤ በሦስተኛውም ቀን። እንግዲህ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ሲሕር የበላ ሰው ሲያስመልሰው ሲሕሩ ወጣ ማለት ነው! ሙሰዓብ ዳሚ ድረስ ሲሮጥ መጣ። ጣይባን ማኩረፉን ረስቶ ከደጅ ሆኖ «አብሽሩ! ወጣለት! እየወጣለት ነው!» አለ። ጣይባ ግንባሯን መሬት አስነክታ ሱጁድ ወረደች። «አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!» እያለች እንባዋን ለቀቀችው። ያላትን አሟጣ ተምር ገዝታ ለሚስኪን ሰደቃ አወጣች። ያ ምስኪን ጭንቅላቱ ውስጥ በተወጠረ ነገር አንጀቱ እስኪገለበጥ ሲያስመልሰው፣ የሚወዱት ሁለት ሰዎች በደስታ ያለቅሱ ነበር! በርቱ ተባለ፤ ድምፅ ማጉያው ከፍ ተደረገለት።

ነገሩን የገለጠችው ፋሪዳ ናት። አንድ ዓርብ ከውስጥ ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል። «እማዬ፣ ብርቱካን ሰጠሁት። እጁን ወደ ሌላ ቦታ ዘረጋው። ፊቱ ላይ እጄን ወዘወዝኩለት... አባዬ አያየኝም» አለች። ያን ጊዜ ጣይባ የዋጠችው ያ ሁሉ ነገር አንድ ላይ መጣባት፤ ሁለት ሆኖ የሚታየው ብርጭቆ፣ የጠዋቱ ማጥወልወል፣ የራስ ምታቱ። በማግሥቱ 26 ጁን ወደምታጥብበት ቤት ሄደች። የቤቱ ጌታ ዶክተር ዓብዲረዛቅ ነው፤ የሐርጌሳ ልጅ ሆኖ ጅማ የተማረ ሐኪም። ጣይባ ከዚያ ቀን በፊት ከ«እንዴት አደሩ» ሌላ ቃል አውጥታ አታውቅም። ያን ቀን ግን የልብሱን ክምር ጥላ በሩ ላይ ቆመችና የሸፈነችውን ገመና ሁሉ አንድ ሳታስቀር ዘረገፈችው። ዶክተሩ ቁርሱን አልጨረሰም። «የሚያስመልሰው ጠዋት ነው? ምግብ ሳይቀምስም?» አላት። «አዎ» አለች። ተነሥቶ ጫማውን አሰረ።

ሙሰዓብ የራስ ምርመራውን የፈቀደው በእልህ ነው። «ይነሣ! ምንም አይገኝበትም፤ ያኔ አፏን ትዘጋለች» አለ። በከተማው ሲቲ ስካን ገና መግባቱ ነበር። ዶክተሩ ፎቶውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ለሁለቱም አሳያቸው። በጭንቅላቱ ውስጥ አንድ ጥቁር ክብ ነገር ተቀምጧል። «ሲስት ይባላል፤ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው። ካንሰር አይደለም። ብዙ ሰው ተሸክሞት ኖሮ ሳያውቀው በእርጅና ይሞታል። የእሱ ግን ክፉ ቦታ ነው የበቀለው፤ የጭንቅላቱን ውሃ መውረጃ ዘግቶበታል። ዓይኑንም እያጠፋ ነው። አዲስ አበባ ሄዶ ቶሎ ይቀዳለት፤ እዚህ ጭንቅላት የሚከፍት ሐኪም የለንም» አለ። ጣይባ «ድምፅ መስማቱስ? እኔን... እኔን ያለውስ?» አለችው። ዶክተሩ ፎቶውን ዝቅ አደረገ። «ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ከረጢት ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች ድምፅ ይሰማሉ፣ ያልሆነውን ያምናሉ፤ ሲቀዳላቸው የተዋቸው አሉ፣ ያልተዋቸውም አሉ። ከእሱ ነው ብዬ ግን መማል አልችልም።»

ሙሰዓብ ፊቱ ተለዋወጠ። «ውሃ ነው?» አለ። «ውሃ የቋጠረ ከረጢት አማርኛ ይናገራል? ሚስቴ መርዝ ጨመረችብኝ ይላል? ምስክር ቆጥሮ ይፈታል? ወንድሜ በገዛ አፉ የነገረኝን ትቼ ፎቶ ልመን? ሲሕሩ እየወጣለት ሳለ ጭንቅላቱን በመጋዝ ሊከፍቱት! ራስ ቅሉ ተከፍቶ የተነሣ ሰው አይቼ አላውቅም!» ክፉ ሰው መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። አይደለም! አባትም ወንድምም የሆነለት ያ ሰው ብቻ ነው፤ ፈርቶ ነው። ፈሪ ደግሞ ከክፉ ይብሳል፤ ክፉ ሰው ቢደክመው ያርፋል። ጀማሉዲን ወደ ሰንሰለቱ ተመለሰ። ጣይባ መንገድ ላይ እግሩን ይዛ «ሙሰዓብ፣ በሞተችው እናታችሁ!» አለችው። «አንቺ ለእሱ ባዕድ ነሽ። የሰፈራችን ሸህ ሀይቤ ሚስቱ ነሽ ካሉሽ ያኔ ውሰጂው፤ እኔም እጄን አነሣለሁ» አላት።

እንግዲህ የአንድ ሰው ነፍስ በዚህች ተንጠለጠለች፦ ያን ሐሙስ አእምሮው አብሮት ነበር ወይስ አልነበረም? ያበደ ሰው ፍቺ አይጸናም። አእምሮው አብሮት ከነበረ ግን ጣይባ ባዕድ ናት፤ በሩን የሚያስከፍት ሌላ የለም፤ እዚያው ይሞታል። ሸህ ሀይቤ በሰፈሩ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በስደት ዘመናቸው ጅጅጋ ነግደው አማርኛ ያውቃሉ። በመስጊዱ ጥግ ምንጣፍ ላይ ሁሉንም ሰበሰቧቸው። ሙሰዓብ ሲሰግድና ሲያሰላ ማየቱን መሰከረ። ሲራድ «እኔ ከዓይኑ ነው ያወቅኩት፤ ዓይኑ ውስጥ ሰው አልነበረም!» አለች፤ ይህ ግን ምስክርነት አይሆንም። ሸሁ ወደ ዶክተሩ ዞሩ። «ልጄ፣ ያን ቀን የተናገረው ይህ በሽታ ነው ብለህ ወላሂ በልልኝና እጨርሰዋለሁ።»

ጣይባ በመጋረጃው ወዲያ ሆና ትሰማለች። አንዲት ቃል ናት። ወላሂ ቢል ባሏ ከሰንሰለት ይወጣል። በሉት እንጂ ዶክተር! ዶክተር ዓብዲረዛቅ አንገቱን ደፋ። «ሸህ፣ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። በማላውቀው በአላህ ስም አልምልም» አለ። ሀቀኝነት እንዲህ ሰውን የሚያንቅበት ቀን አለ ለካ! ጣይባ ሻርፗን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ጮኸች። ሸሁ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። «እኛ ስለ እሱ ስናወራ ዋልን። እሱን የጠየቀው ሰው አለ? ውሰዱኝ» አሉ።

ያን ቀን ጣይባ ለመጀመሪያ ጊዜ በብረቱ በር ገባች። ድምፅ እንዳታሰማ ሸሁ አስጠንቅቀዋታል። ጀማሉዲን ከምሰሶው ሥር ተቀምጧል፤ ከስቶ ሌላ ሰው መስሏል፤ ዓይኖቹ ተከፍተው የትም አያዩም። ሸሁ አጠገቡ ተቀመጡና ሰላምታ ሰጥተው፣ «ጀማሉዲን፣ እውነቱን ንገረኝ። ጣይባን ፈትተሃታል?» አሉት።

«ጣይባን?» አለ። «አስተግፊሩላህ! ጣይባን የሚፈታ ምን ያበደ ሰው ነው?»

«ያን ሐሙስ ታዲያ ማንን ነው የፈታኸው?»

«ያቺን ሴትዮ ነዋ! የጣይባን ቀሚስ ለብሳ፣ ፊቷን አስመስላ ቤቴ የገባችውን። ሻይ ታፈላለች፣ ልብስ ታሰጣለች፣ ሁሉ ነገሯ እንደ እሷ ነው... እሷ ግን አይደለችም። የኔን ሚስት የት እንዳደረሷት አትነግረኝም። ብፈታት ትሄድልኛለች፣ ጣይባም ትመለሳለች ብዬ ነው።» ድምፁ ተሰበረ። «ሸህ፣ እርስዎ የአላህ ሰው ነዎት። ጣይባዬን ያፈላልጉልኝ። ልጄ ያለ እናት ቀረችብኝ።»

ጣይባ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች። በእርምጃ ርቀት ላይ! ያ ሁሉ ጊዜ ጠላኝ ያለችው ሰው፣ እሷኑ ሲፈልግ ነበር የፈታት! እስቲ እናንተ፣ ይህን የቻለ ልብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሙሰዓብ ጎንበስ ብሎ የወንድሙን ሰንሰለት በሁለት እጁ ያዘ። ሸህ ሀይቤ በጥምጣማቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ውሃው ይሁን ሌላ፣ እሱን አላህ ያውቃል። አእምሮው ግን አብሮት እንዳልነበር በጆሮዬ ሰማሁ። ሚስቱን ያላወቀ ሰው ሚስቱን አይፈታም። ይህ ፍቺ ፍቺ አይደለም፤ ሰንሰለቱን ፍቱ» አሉ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ላንድክሩዘር ተከራይተው ተነሡ። ዶክተሩ ከፊት፣ ሙሰዓብ ከኋላ፣ ጣይባ የባሏን ራስ ታፋዋ ላይ አድርጋ። ፋሪዳ ከኤዶ ሲራድ ጋር ቀረች። ጀማሉዲን ሌሊቱን ክፉኛ ደክሞ ነበር፤ ያንቀላፋል፣ ይነቃል። ወደ ቶጎ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ፣ ድንበሩ ሊታይ ሲቃረብ፣ ግንባሩን የምታሸውን እጅ ያዘ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

የሚያሳስተው ፊት አሁን የለም፤ ዓይኑ ጠፍቷልና። ድምፅዋን ብቻ ሰማ። «ጣይባ? አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ የፋሪዳ አባት። እኔ ነኝ።»

«የት ጠፍተሽ ነው እስከ ዛሬ? ስፈልግሽ... ስፈልግሽ...»

«እዚሁ ነበርኩ። በር ላይ ነበርኩ።»

«አላስገቡሽም?»

«አላስገቡኝም።»

«ያቺ ሴትዮስ?»

«ሄደች። ከእንግዲህ አትመጣም፣ አብሽር» አለችው። ጀማሉዲን የረጅም ጊዜ ሸክም እንደወረደለት ሰው ተነፈሰ። «ፋሪዳን ንገሪያት፤ እናቷ መጥታለች በያት» አለ። ጉንጩን ወደ መዳፏ አዞረ፤ ተኛ። ዶክተሩ ዞር ብሎ አየው፤ መኪናውን አስቆመ፤ አንገቱን ዳሰሰ፤ ደረቱን ደጋግሞ ተጫነ፤ ላቡ እስኪንጠባጠብ ታገለ። ድንበሩ እዚያው ፊት ለፊት ነበር። በመጨረሻ እጁን አነሣና «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» አለና የሟቹን ፊት ሸፈነ። ሙሰዓብ ከመኪናው ወርዶ አቧራው ላይ ተደፋ።

መኪናው ወደ ዳሚ ሲመለስ ፋሪዳ በር ላይ ነበረች። «እንዴ! እንዲህ ቶሎ ተመለሳችሁ? አባዬ ዳነ?» አለች።

ከቀብር በኋላ ግቢው በሴቶች ተሞላ። በሐርጌሳ ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋን፣ የሐዘን ወራቷን፣ በነጭ ልብስ ትጠብቃለች፤ ሴቶቹ ናቸው የሚያለብሷት። ጣይባን ግን የሚያለብሳት ጠፋ። ፍቺውን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ የሸሁን ፍርድ የሰማው ጥቂት ነው። «የተፈታች ሴት ምን ልትሆን ተቀመጠች?» የሚል ሹክሹክታ ከወዲያ ወዲህ ይሄዳል። ሲራድ ልትናገር ብትነሣ ጣይባ ቀሚሷን ይዛ አስቀመጠቻት። ፋሪዳን አቅፋ ልብስ የምታጥብበትን ቀሚስ እንደለበሰች ጥግ ላይ ኩርምት ብላ ተቀመጠች።

ድንገት ሴቶቹ መንገድ ለቀቁ። ሙሰዓብ ነው። ወንድ ልጅ በዚያ ሰዓት ወደ ሴቶች መሐል አይገባም፤ እሱ ግን ገባ። በሁለት እጁ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ይዟል። ከጣይባ ፊት ተንበረከከ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እኔ ነኝ ምስክሩ። ፈታት ብዬ የመሰከርኩት እኔ ነኝ፤ በሐሰት መስክሬያለሁ። ወንድሜ ሚስቱን ሳይፈታ፣ ሚስቱ እቅፍ ውስጥ ሞተ። ይህቺ የወንድሜ ሚስት ናት!» አለ። ከዚያ ድምፁ አነሰ። «የፋሪዳ እናት... ሲያስመልሰው አልሐምዱሊላህ ያልኩ እኔ ነኝ። እየሞተ እያየሁት አልሐምዱሊላህ አልኩ። እንዴት አድርጌ ልኑር?»

ጣይባ ልትረግመው ትችል ነበር፤ ማን ይፈርድባታል? እጇን ዘርግታ ራሱን ወደ ትከሻዋ ሳበችው። «እኔም ብያለሁ፣ ወንድሜ። እኔም ሱጁድ ወርጃለሁ» አለችው። ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ያ ሁሉ ሴት አብሮ አለቀሰ።

ጣይባን የፈታት ማነው? ያ ጥቁር ክብ ነገር ነው? ሌላ ደዌ ነው? ዶክተር ዓብዲረዛቅ ዛሬም ቢጠየቅ «ሊሆን ይችላል» ነው የሚለው፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። የሰው ልጅ ምንኛ ምስኪን ነው! ቤቱን በውሃ ልክ ያቆማል፣ የገዛ ጭንቅላቱ ውስጥ የሚዶለተውን ግን አያውቅም። ቀደር፣ የተጻፈው ዕጣ፣ ሲመጣ በር አንኳኩቶ አይመጣም፤ የምንወደውን ሰው ፊት ለብሶ ይገባና እኛም ሻይ እናቀርብለታለን። ኤዶ ሲራድ ከተቀመጠችበት ተነሣች፤ ጨርቁን ከሙሰዓብ እጅ ተቀብላ ዘረጋችው፤ ጣይባን ከራሷ እስከ እግሯ ነጭ አለበሰቻት። ሴቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ «አላህ ያጽናሽ፣ ባልሽን አላህ ይማረው» አሏት። ባልሽን ነው ያሏት። በዚያ ቀን፣ በዚያ ግቢ ውስጥ፣ ለጣይባ የተረፋት ምሕረት ይኸው ብቻ ነበር።